አዲስ ስታርታፕ ይዞ የአሜሪካ ቢዝነስ ቪዛ ማመልከት፦ ከፎርሙ እስከ መስኮቱ

ኩባንያው ገና ዓመት አልሞላውም። ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ትሠራላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ኢሜይል ስትከፍቱ ከሳን ፍራንሲስኮ ግብዣ ገብቷል። ኮንፈረንስ ላይ ምርታችሁን እንድታሳዩ፣ በዚያው ከሁለት ኢንቨስተሮች ጋር እንድትገናኙ ይላል። ደስታው ሳይበርድ ከጎን የተቀመጠው ጓደኛችሁ ቀና ብሎ «ቪዛውስ?» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ነው። የማወራው ከአዲስ አበባ ሆኖ ለአሜሪካ የቢዝነስ ጉብኝት ቪዛ፣ ማለትም ለቢ-1፣ ስለማመልከት ነው። ለትልቅ ድርጅት ሠራተኛ የሚሆን ምክር ሞልቷል። የአዲስ መሥራች ነገር ግን ይለያል። የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ የለውም። «ደመወዙ ይህን ያህል ነው፣ ፈቃድ ሰጥተነዋል» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለቃም የለውም። ስለዚህ ፋይሉን የሚሠራበት መንገድ ሌላ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት። እዚህ ያሉት ወሮችና ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፎርሙም የሚጠይቀው በዚያው ነው።

1. የምትሄዱበት ጉዳይ በቢ-1 የሚፈቀድ መሆኑን አረጋግጡ

ቢ-1 ሄዶ ለመነጋገር ነው፤ ሄዶ ለመሥራት አይደለም። ኮንፈረንስ መካፈል፣ ኤግዚቢሽን ላይ ምርት ማሳየት፣ ውል መደራደር፣ ከደንበኛ ጋር መመካከር፣ ኢንቨስተር ማናገር፣ ገበያውን ማጥናት ይቻላል። እዚያ ተቀምጦ ድርጅትን በየቀኑ መምራት፣ ለአሜሪካ ደንበኛ እዚያው ሆኖ አገልግሎት ሰጥቶ መከፈል፣ ከአሜሪካ ድርጅት ደመወዝ መውሰድ አይቻልም።

ብዙ መሥራቾች ዴላዌር በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ኩባንያ ያስመዘግባሉ። ይህ ችግር የለውም። ለምዝገባው መሄድ እንኳን አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኦንላይን ያልቃል። ግን ዴላዌር የተመዘገበ ኩባንያ መኖሩ እዚያ የመሥራት መብት አይሰጥም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የተጋበዛችሁት ለሦስት ወር አክሰለሬተር፣ ማለትም ጀማሪ ድርጅቶችን ለሚያሠለጥንና ለሚደግፍ ፕሮግራም፣ ከሆነ ቆም በሉ። ሥልጠናና ምክር ብቻ ነው? ወይስ እዚያ ተቀምጣችሁ ምርቱን ልትሠሩ፣ ሰው ልትቀጥሩ ነው? አዘጋጆቹን ቀደም ያሉት ተሳታፊዎች በምን ቪዛ እንደገቡ በጽሑፍ ጠይቋቸው። መልሱ ጥርት ያለ ካልሆነ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ የአንድ ሰዓት ክፍያ መክፈል ያዋጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ላንሳ። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ላይ የዋለ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት አላቸው። በእሱ ምክንያት ኢትዮጵያውያን ኢ-2 ለሚባለው የኢንቨስተር ቪዛ ማመልከት ከሚችሉ ዜጎች ውስጥ ናቸው። ኢ-2 አሜሪካ ውስጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ አፍስሶ ድርጅቱን ራሱ ለሚመራ ሰው ነው። ለጀማሪ ዛሬ የሚደረስበት ላይሆን ይችላል። ግን የልባችሁ ሐሳብ ሄዶ መሥራት ከሆነ መጠየቅ ያለባችሁ እንዲህ ስላለው መንገድ ነው። ያንን ሐሳብ በቢ-1 ሸፍኖ ለማለፍ መሞከር ኋላ ብዙ ያስከፍላል።

2. ቀኑን ከኮንፈረንሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ድሮ የሚሰጠው ምክር «ቶሎ አመልክታችሁ ቪዛውን ያዙት» የሚል ነበር። አሁን ይህ ምክር ጉዳት አለው። በጁላይ 2025 በተደረገው ለውጥ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ባጠቃላይ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል።

ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ኮንፈረንሱ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው እንበል። እናንተ ቸኩላችሁ ጁን ላይ ቃለ መጠይቅ አድርጋችሁ ቪዛው ጁን 20 ቢመታ፣ ሴፕቴምበር ላይ ጊዜው ያልፋል። ኮንፈረንሱ ሳይደርስ ቪዛው ሞተ ማለት ነው። ለዚህ ጉዞ ቃለ መጠይቁ መዋል ያለበት ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ቀጠሮው ግን ሩቅ ሊሆን ስለሚችል ወረፋውን የምትይዙት ቀደም ብላችሁ ነው። ቀጠሮ የምትይዙበት ቀን ሌላ፣ የምትቀርቡበት ቀን ሌላ። ወረቀቱን ከጉዞው አምስትና ስድስት ወር በፊት ጀምሩ፤ የምትቀርቡበትን ቀን ግን ወደ ጉዞው አስጠጉት።

ሦስት ወሩ አሜሪካ የምትቆዩበት ጊዜ አይደለም። ወደ በሩ መድረስ የምትችሉበት ጊዜ ነው። ምን ያህል እንደምትቆዩ የሚወሰነው ኤርፖርት ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ። ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስለሆነ ደግሞ መሐል ላይ ሌላ አገር ደርሶ የመመለስ ዕቅድ አታውጡ።

ስለ ገንዘቡ። የማመልከቻ ክፍያው ከጁን 2023 ጀምሮ 185 ዶላር ነው። ቪዛ ተሰጠም ተከለከለም አይመለስም። በጁላይ 2025 የጸደቀ ሕግ ደግሞ ቪዛው ሲሰጥ የሚከፈል ተጨማሪ 250 ዶላር ደንግጓል። ከዚህ ሌላ በኦገስት 2025 የተጀመረ አሠራር አለ፦ የአንዳንድ አገር ዜጎች 5,000፣ 10,000 ወይም 15,000 ዶላር ማስያዣ እንዲያስይዙ ሊጠየቁ ይችላሉ። የአገሮቹ ዝርዝር በየጊዜው ይሰፋል። ስለዚህ ፎርም በምትሞሉበት ሳምንት የኤምባሲውን ገጽና ይህን ዝርዝር ራሳችሁ ክፈቱና አንብቡ። ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የነገራችሁን ይዛችሁ በጀት አትሥሩ።

3. ፋይሉን ሥሩ

ከዚህ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ሕግ አለ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ክፍል 214 ቢ መሠረት የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ እዚያው ሊቀር እንደመጣ ይቆጠራል። የማስረዳቱ ሸክም የእናንተ ነው። ሀብታም መሆናችሁን አስረዱ አይልም። የምትመለሱበት ምክንያት እንዳላችሁ አስረዱ ነው የሚለው። አዲስ መሥራች ላይ ይህ ሲተረጎም «ድርጅቱ እውነት ነው ወይ? እናንተ ከሌላችሁስ ይቆማል ወይ?» ይሆናል።

ድርጅቱ እውነት መሆኑን የሚያሳዩት የተለመዱት ወረቀቶች ናቸው። የንግድ ምዝገባ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበር፣ የተረጋገጠ መመስረቻ ጽሑፍ፣ የቢሮ ኪራይ ውል። ብቻችሁን የጀመራችሁም ብትሆኑ አትስጉ። በ2021 የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ስለፈቀደ ወረቀታችሁ ሙሉ ወረቀት ነው።

ከእነዚህ በላይ የሚናገሩት ግን ትንንሾቹ ናቸው። ለሠራተኞች የተከፈለ የሥራ ግብር ደረሰኝ። የጡረታ መዋጮ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ በየወሩ ገቢ የተደረገበት። ከደንበኛ ጋር የተፈረመ ውል። ሁለት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለስምንት ወር ሳያቋርጥ ጡረታ መክፈሉ፣ ለኢንቨስተር ከሚቀርብ፣ ካማረ የፒች ስላይድ ይበልጥ ይታመናል። ስላይድ ማንም በአንድ ሌሊት ይሠራል።

ከሁሉም ጠንካራው ቀን ያለው ግዴታ ነው። ከጉዞው በኋላ ለደንበኛ የምታስረክቡት ሥራ ካለ፣ የመረከቢያ ቀኑ የተጻፈበትን የውል ገጽ ከላይ አድርጉት። ኖቬምበር 15 ሶፍትዌር ላስረክብ የፈረመ ሰው ኖቬምበር 15 አዲስ አበባ መገኘት አለበት። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

አሁን አቆጣጠሩ ላይ ትኩረት ስጡ። ድርጅታችሁ የተመሠረተው በ2017 ዓ.ም. ከሆነና ሰነዱ ላይ ያለው ዓመት ተተርጉሞ «2017» ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ፣ ለአሜሪካዊ አንባቢ የብዙ ዓመት ድርጅት ይመስላል። ፎርሙ ላይ ግን የሞላችሁት 2025 ነው። እናንተ ምንም አልዋሻችሁም፤ ወረቀቱ ግን እርስ በርሱ ተጋጨ። ትርጉም ቤት ስትሄዱ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጻፍ ንገሯቸው። ሲጨርሱም እያንዳንዱን ቀን ራሳችሁ አስሉት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ተርጓሚውም ይረሳዋል።

ስምም እንደዚሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ለፎርሙ ገዢው ፓስፖርቱ ነው። የተለየው ሰነድ መታረም የሚችል ከሆነ ቀድማችሁ አሳርሙ፤ ካልሆነ ትርጉሙ ላይ የፓስፖርቱ አጻጻፍ ይከተል።

የባንክ ስቴትመንት የድርጅቱንም የግላችሁንም የስድስት ወር ያዙ። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ስቴትመንት ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ አምስት መቶ ሺህ ብር ተበድሮ ማስገባት። አታድርጉት። ወር በወር ከሃያ ሺህ የማይዘል ሒሳብ በድንገት ሲያብጥ ዓይን ይወጋል፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ብትባሉ የምትመልሱት የላችሁም። ትንሽም ቢሆን ገቢና ወጪው የሚንቀሳቀስ፣ የድርጅት ሕይወት ያለው ሒሳብ ይሻላል።

4. የግብዣ ደብዳቤው

ደብዳቤው የግድ አይደለም፤ ብቻውን ቪዛም አያሰጥም። ግን ለአዲስ መሥራች ጉዞውን መልክ ያስይዝለታል። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደጋበዘ፣ ለምን እናንተን እንደጋበዘ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍበት።

ትልልቅ ኮንፈረንሶች ለተመዘገበ ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልካሉ። እሱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የምዝገባ ክፍያውን ደረሰኝና ከኢንቨስተሩ ጋር ቀን የቆረጣችሁበትን ኢሜይል አትሙና ጨምሩበት። «ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ቢሯችን እንገናኝ» የምትል ሁለት መስመር ኢሜይል ከማኅተም ደብዳቤ የበለጠ ክብደት አላት።

5. ዲኤስ-160

ማመልከቻው በኦንላይን የሚሞላ ዲኤስ-160 የሚባል ፎርም ነው። ገና ሲከፈት የሚሰጣችሁን የማመልከቻ ቁጥር ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉት። ለ20 ደቂቃ ምንም ካልነካችሁት ይዘጋል። መብራት ወይም ኢንተርኔት ከሄደም ያው ነው። እያንዳንዱን ገጽ ስትጨርሱ ሴቭ አድርጉ።

ራሳችሁ ሙሉት። ደላላ ወይም ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ሲሞላላችሁ የማታውቁት መልስ ስር ትፈርማላችሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ የሚያግዝ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ፎርሙ ላይ ያገዛችሁ ሰው እንዳለ የሚጠየቅበት ቦታ ስላለ በእውነት መልሱ።

አዲስ መሥራቾች የሚደነቃቀፉባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

የሥራ መደብ። «ሲኢኦ» ብሎ ብቻ መጻፍ ምንም አይናገርም። ሥራችሁን አብራሩ የሚለው ሳጥን ውስጥ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ድርጅቱ ምን ይሠራል፣ እናንተ በየቀኑ ምን ትሠራላችሁ፣ ስንት ሰው ታስተዳድራላችሁ። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው ቆንስል እናንተን ሳያይ በፊት የሚያየው ያንን ሳጥን ነው።

የወር ገቢ። ብዙ መሥራች ለራሱ ደመወዝ አይከፍልም። አፍሮ ቁጥር የሚፈጥር አለ፤ ስቴትመንቱ ደግሞ ያጋልጠዋል። እውነተኛውን ጻፉ። ጎን ለጎን የማማከር ሥራ ካላችሁ፣ ወይም ባለቤታችሁ የቤቱን ወጪ የምትሸፍን ከሆነ፣ በምን እንደምትኖሩ ስትጠየቁ የምትመልሱት ያ ነው። ጀማሪ ድርጅት ውስጥ ይህ የተለመደ መሆኑ ይታወቃል።

የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ። ያለፉት አምስት ዓመታት ይጠየቃል፤ ሊንክድኢንም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አሁኑኑ ገጻችሁን ክፈቱና እዩት። ኢንቨስተር ዘንድ ለመታየት ብላችሁ አድራሻችሁን «ሳን ፍራንሲስኮ» ያደረጋችሁ ካላችሁ ወደ እውነተኛው መልሱት። የፒች ስላይዱንም እዩት። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት መሥራቾቹ ወደ አሜሪካ ይዛወራሉ» የሚል መስመር ካለና እውነት ካልሆነ ይውጣ። እውነት ከሆነ ደግሞ ወደ ቁጥር አንድ ተመለሱ።

ዲቪ። «ዲቪ ሞልቼ ነበር፣ ልናገር?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ፎርሙ የሚጠይቀው የኢሚግራንት ቪዛ አቤቱታ ቀርቦላችሁ ያውቃል ወይ ብሎ ነው። ወንድም ወይም እህት ፋይል ከፍታላችሁ ከሆነ መልሱ አዎ ነው። የዲቪ ዕጣ መሙላት ብቻውን ግን እንዲህ ያለ አቤቱታ አይደለም። በቃል ስለ ዲቪ ከተጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ።

የአባትና የእናት የልደት ቀን። ቤት ጠይቃችሁ ካልተገኘ «አላውቅም» የሚል ሳጥን አለ። ቀን አትፍጠሩ።

የአሜሪካ አድራሻ። ሲልቨር ስፕሪንግ አክስታችሁ ቤት ጥቂት ቀን የምታርፉ ከሆነ ጻፉት። ዘመድ መኖሩ ወንጀል አይደለም። ደብቃችሁት ሲገኝ ነው ሁሉ ነገር የሚበላሸው።

ሙሉ ስማችሁን በአገራችሁ ፊደል ጻፉ የሚል ቦታም አለ። እዚያ በአማርኛ ጻፉት። ፎቶው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ነጭ መደብ ያለው፣ ያለ መነጽር፣ በስድስት ወር ውስጥ የተነሣችሁት ይሁን። ፎቶ ቤት «ለአሜሪካ ቪዛ» ካላችኋቸው ያውቁታል። ፓስፖርቱ ደግሞ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

6. ክፍያና ቀጠሮ

ፎርሙን ከላካችሁ በኋላ ባርኮድ ያለበትን ማረጋገጫ አትሙ። የቀጠሮ ድረ ገጹ ላይ አካውንት ክፈቱ፣ በሚነግራችሁ መንገድ ክፈሉ፣ ቀን ምረጡ። የዲኤስ-160 ቁጥርና ቀጠሮው ላይ ያስገባችሁት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ፎርሙን አርማችሁ እንደ አዲስ ከላካችሁ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ቀጠሮው ላይም ለውጡት። ቀኑ ከኮንፈረንሱ በኋላ ከሆነባችሁ ያገኛችሁትን ቀን ይዛችሁ ቀደም ያለ ቀን ይከፈት እንደሆነ ተከታተሉ፤ ኮንፈረንስ መካፈል ብቻውን ብዙ ጊዜ ለአስቸኳይ ቀጠሮ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። የአውሮፕላን ትኬት ቪዛው ሳይመታ አትግዙ።

7. መስኮቱ ፊት

ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው የእንጦጦ መንገድ ላይ ነው። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። ጠዋት 8፡00 የሚለው የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ለሁሉም ሰው በእኛ ሰዓት ንገሩ፣ ራሳችሁም በእኛ ሰዓት ጻፉት።

ስልክና ላፕቶፕ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ይህ ለቴክኖሎጂ መሥራች ልዩ ትርጉም አለው። አፑን አውጥታችሁ ማሳየት አትችሉም። ሁለት ስክሪንሾት በቀለም አትማችሁ ያዙ። አንዱ ምርቱን ያሳይ፣ ሌላው ደንበኞች እየተጠቀሙበት እንደሆነ ያሳይ።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው መስኮት ፊት ቆሞ ነው፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ብዙ ጊዜ ወረቀት አይጠየቅም። ስለዚህ ያን ሁሉ ፋይል የሠራችሁት ለማሳየት ብቻ አይደለም። ስትሠሩት ታሪካችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ መስመር ይይዛል፤ ስትጠየቁም ሳትደናገጡ ትመልሳላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ቆንስሉ ኢንቨስተር አይደለም። መሥራቾች ለወራት የተለማመዱት ፒች ማድረግን ስለሆነ መስኮቱ ፊት ሲቆሙም ያንኑ ይለቁታል። አንድ ምሳሌ እንያዝ። ለመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የምትሠሩ ናችሁ። «ለምን ትሄዳላችሁ?» ተባላችሁ።

አንዱ መልስ፦ «የአፍሪካን ንግድ የሚለውጥ ፕላትፎርም ነው የሠራነው። ገበያው በቢሊዮን ነው። አሁን ወደ አሜሪካ ለመስፋፋት፣ እዚያ ቡድን ለማቋቋም ነው የምንሄደው።»

ሌላው መልስ፦ «ለመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ሳን ፍራንሲስኮ ኮንፈረንስ ላይ ሦስት ቀን እናሳያለን። ከዚያ ከሁለት ኢንቨስተሮች ጋር ቀጠሮ አለኝ። በአሥረኛው ቀን እመለሳለሁ። ኖቬምበር 15 ለደንበኛ የማስረክበው ሥራ አለ።»

የመጀመሪያው ለኢንቨስተር ጆሮ ጥሩ ነው። መስኮቱ ፊት ግን «ልቀር ነው» ይመስላል። ቡድን ማቋቋም፣ መስፋፋት፣ ቢሮ መክፈት፣ እነዚህ ቃላት ሁሉ እዚያ መኖርን ይጠቁማሉ። ሁለተኛው መልስ ጠበብ ያለ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ስፋቱ ለመድረክ ይቆይ። ይህ ውሸት ተናገሩ ማለት አይደለም፤ የተጠየቃችሁት ስለዚህ ጉዞ ነውና ስለዚህ ጉዞ መልሱ ማለት ነው።

ልምምድ የሚፈልጉ ጥያቄዎች አሉ። ድርጅቱ ገንዘብ የሚያገኘው ከምንድን ነው? ስንት ሠራተኛ አላችሁ? በዙም ለምን አይሆንም? ወጪውን ማን ይችላል? ከዚህ በፊት ከአገር ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አሜሪካ ማን አላችሁ? እያንዳንዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ተለማመዱ። መልሱን ግን በቃል አታጥኑ። እንደ ግጥም የሚነበነብ መልስ ወዲያው ይታወቃል። ከሥራው ውጭ ያለ ሰው፣ ታላቅ እህት ወይም አጎት፣ ይጠይቃችሁ። እሷ ካልገባት ቆንስሉም አይገባውም።

በአማርኛ መናገር ትችላላችሁ። እንግሊዝኛችሁ ስለ ገንዘብ ስትናገሩ የሚሰናከል ከሆነ በአማርኛ ጥርት አድርጎ መናገር ይሻላል። «ኮንፈረንሱ በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ?» ሊባል ስለሚችል ግን እሱንም አስቡበት።

ሁለት መሥራቾች አብረው ሲያመለክቱ «ድርጅቱን ማን ይጠብቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልስ ከሌላችሁ ለመጀመሪያው ጉዞ አንዳችሁ ብቻ ብትሄዱ ነው የምመክረው። የሚቀረው ሰው ራሱ የሚሄደው ሰው መመለሻ ምክንያት ነው።

የሐሰት ወረቀት ነገር። «የባንክ ወረቀት እናወጣለን፣ ደብዳቤ እናስጽፋለን» የሚል ደላላ ይገጥማችኋል። አንዲት የውሸት ወረቀት ከተገኘች ነገሩ በዛሬው ክልከላ አያበቃም፤ በማጭበርበር የተያዘ ሰው ከአሜሪካ ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ገና ሥራ ለጀመረ ሰው ይህ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ከኢንቨስተርና ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የመገናኘት ዕድልን ለዓመታት መዝጋት ነው።

8. ከመስኮቱ በኋላ

ከተፈቀደ ፓስፖርታችሁ እዚያው ይቀራል። ሲመለስ ስማችሁን፣ ቀኑንና የመግቢያ ብዛቱን ወዲያው አንብቡ። ቪዛው ላይ ብዙ ጊዜ ቢ-1ና ለሽርሽርና ለዘመድ ጥየቃ የሚሆነው ቢ-2 አንድ ላይ ይጻፋል፤ አትደናገጡ።

221 ጂ የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ ጉዳዩ አልተዘጋም። ሰነድ ጎድሏል ወይም ተጨማሪ ማጣራት አለ ማለት ነው። የጠየቁትን ብቻ፣ በጠየቁት መንገድ ላኩ።

214 ቢ ከሆነ ተከልክላችኋል። ይግባኝ የለውም። ክፍያውን እንደገና ከፍላችሁ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ግን ትችላላችሁ። ያ ቀን ከባድ ነው፤ ውጭ ቆማችሁ ለጓደኞቻችሁ ምን እንደምትሉ ታስባላችሁ። ማታውኑ ግን የተጠየቃችሁትንና የመለሳችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። በማግስቱ ይረሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ፋይል ይዛችሁ አትመለሱ። መጀመሪያ የሚለወጥ ነገር ይለወጥ፦ አዲስ ውል ይፈረም፣ የግብር ዓመት ይዘጋ፣ ወደ ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ ለሥራ ሄዳችሁ በቀናችሁ ተመለሱ። ቀጣዩ ፎርም ላይ «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው።

9. እዚያ ስትደርሱ

ቪዛ በር ድረስ ያደርሳል። የሚያስገባው ኤርፖርት ያለው መኮንን ነው። የግብዣ ደብዳቤውን፣ የሆቴሉንና የመመለሻ ትኬቱን ወረቀት በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ታች በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። ዋሽንግተን ደለስ ከአዲስ አበባ ረጅሙን በረራ ጨርሳችሁ ስትሰለፉ ደክሟችሁ ይሆናል። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፣ መልሱም ያው ይሁን። ስልካችሁን ሊያዩ እንደሚችሉም እወቁ።

ከገባችሁ በኋላ በኦንላይን አይ-94 የሚባለውን መዝገባችሁን ፈልጋችሁ አትሙ። መውጣት ያለባችሁ ቀን እዚያ ላይ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ካለው የቪዛ ቀን ጋር አታምታቱት። ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። እናንተ ግን አሥር ቀን ብላችሁ ነበር። ስብሰባ ተጨምሮ አሥራ አራት ቢሆን ችግር የለም፤ ለምን እንደረዘመ የሚያሳየውን ኢሜይል አስቀምጡ።

ስትመለሱ የኮንፈረንሱን ባጅ፣ የቦርዲንግ ፓሱንና ያገኛችኋቸውን ሰዎች ዝርዝር በዚያው ፋይል ውስጥ አስገቡ። ከላይ አንድ ገጽ ጻፉበት፦ መቼ ሄድን፣ መቼ ተመለስን፣ ምን ተስማማን። በሚቀጥለው ዙር የሚያመለክተው እዚህ ቀርቶ ድርጅቱን የጠበቀው ጓደኛችሁ ነው። ሲጠየቅ የሚያወጣው የመጀመሪያ ወረቀት ያ ገጽ ይሁን።